ሰላም ሦስት ፊደል ናት

ዛሬ ግማሽ ቀኔን የበላችው «ሰላም» የምትል ቃል ናት። ሊንኩ ላይ ስጽፋት ደህና ነበረች። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት ኮድ ጋ ስትደርስ ግን ሦስት ፊደሏ ዘጠኝ ምልክት ሆኖ ቁጭ! አምስቱማ ጭራሽ አይታዩም። መጀመሪያ ሰርቨሩን ረገምኩ። በኋላ ነው ነገሩ የቆየ እርቅ ውጤት መሆኑ የገባኝ።

ፓይተን 3 በ2008 ሲወጣ ጽሑፍና ባይት (ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው ጥሬ ቁጥር) ለየብቻ ሆኑ። ሰርቨርና የፓይተን አፕሊኬሽን የሚግባቡበት ደንብ፣ ደብልዩኤስጂአይ (WSGI)፣ ግን የ2003 ሰነድ ነው። በአዲሱ ፓይተን እንዴት ይሁን የሚለው ክርክር ተጓተተ። በ2010 ፔፕ 3333 (PEP 3333) የሚባለው የፓይተን ሰነድ እርቁን ይዞ መጣ። ሄደሩ (ከገጹ ይዘት ቀድሞ የሚላከው መረጃ) ጽሑፍ ይሁን፣ ግን ከላቲን-1 (ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ ባይት ብቻ ከሚሰጠው ኮድ) አይውጣ፤ ሊንኩም እንደዚያው፤ የገጹ ይዘት ባይት ይሁን አለ። በቃ። ብዙ አያምርም፣ ግን ሥራ አስጀመረ። እኔ ብሆን እስካሁን እከራከር ነበር።

የኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (የዓለምን ፊደላት ወደ ባይት በሚቀይረው ኮድ) እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። ዘጠኙ ምልክት የመጣው ከዚያ ነው፤ ላቲን-1 እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ምልክት አነበበው። በላቲን-1 ወደ ባይት መለስኩት፣ ከዚያ በዩቲኤፍ-8 ወደ ጽሑፍ። አንድ መስመር ኮድ! «ሰላም» ብቅ አለች። ቡናዬ ግን በረዶ ሆኗል።