የተነፋች ላም

ይህችን ነገር ለማንም አላወራም ብዬ ነበር። ግን የሞተር ሳይክሏ ባለቤት ራሳቸው በየቅዳሜው ገበያ እያወሯት ነው። ከእሳቸው ሰምታችሁ ከምትስቁብኝ እኔው ልንገራችሁ።

ጋሼ ነው የምላቸው። ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ጡረታ ወጡ እንጂ ሥራውን አልተዉም፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ጂጋና ደንበጫ ገጠር ድረስ የማን በሬ አነከሰ፣ የማን ላም ማለብ አቆመች ሲባል እሳቸው ናቸው የሚጠሩት። የሚሄዱባት ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያወጧት አሮጌ ያማሃ ዲቲ ሞተር ሳይክል ናት። በአንድ ርግጫ ትነሳለች። ሞተሯን የሚያስነሳው እሳት ከባትሪ ጋር ጉዳይ ስለሌለው ባትሪ ኖረ አልኖረ ትሄዳለች። መብራት፣ ፍሬቻና ክላክስ ግን ያለ ባትሪ አይሆንም።

መጀመሪያ ወደ ጋራዤ ያመጧት ለቀለም ነበር። ሻሲዋ ዝጎ ተላልጧል። ሙሉ በሙሉ ፈታኋት፣ ፈገፈግኋት፣ አንድ እጅ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ሁለት እጅ ቀይ ቀለም አለበስኳት። ስገጥማት የባትሪውን ማሳ፣ ማለትም ኔጌቲቩ ከሻሲው ብረት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ፣ የሞተሩን ማሳ አጽድቼ ነው። ይህን የምለው ማሳ ምን እንደሆነ የማላውቅ እንዳይመስላችሁ ነው። ያማረች ሞተር ሆና ወጣች። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያት ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።

«መብራቷ እምቢ አለ። ክላክሷም የታነቀ ዶሮ ሁኗል።»

ባትሪውን ከፈትኩት። ውሃው ውስጡ ካሉት ሳህኖች በታች ወርዷል። «አርጅቷል ጋሼ፣ መሥሪያ ቤት እያለችም ውሃ የጨመረበት የለም» አልኩና አዲስ ገጠምኩላቸው። እየወጡ ሳለ «አምፖልም እየበላች ነው» አሉኝ። እኔም የጠጠር መንገድ አምፖል እንዴት እንደሚበጥስ ረጅም ገለጻ ሰጠኋቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። አሁን ሳስበው ያ ጸጥታ ደግ ጸጥታ አልነበረም።

ወር ሳይሞላ ተመለሱ። አዲሱም ባትሪ ሞቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ቮልት የምለካበት ቴስተሬ የ9 ቮልት ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። ዛሬ ነገ እያልኩ አልገዛሁለትም። የሰው ባትሪ እየመረመርኩ የራሴን ቴስተር ባትሪ አልቀየርኩም ማለት ነው። የምሠራው በሙከራ አምፖል ነበር። አምፖሏ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ዲናሞ በሚመጣው ሽቦ ላይ በራች። ትንሽ የበዛ መሰለኝ፤ ግን አምፖል ኤሌክትሪክ አለ ይላል እንጂ ስንት እንደሆነ አይናገርም። ዲናሞውን የሚሸፍነውን ተሽከርካሪ ብረት፣ ቮላኖውን፣ አወጣሁ። የዲናሞው የሽቦ ጥምጥም ቡናማ ሆኗል። ያረጀ ጥምጥም ሁሉ ቡናማ ነው፤ የዚያን ቀን ግን የተቃጠለ መሰለኝ። «ቻርጅ አያደርግም፤ ዲናሞው ነው» አልኩ። ሽቦውን በአዲስ እንዲጠመጥመው ደብረ ማርቆስ ላለ ጠምጣሚ ላክሁት።

ጠምጣሚው «ጥሩ አድርጌ ጠምጥሜዋለሁ፤ ጥቂት ዙርም ጨምሬበታለሁ፣ ጠንከር እንዲል» ብሎ መለሰው። ዛሬ ላይ እኔ ጨምር እንዳልኩት ያወራል አሉ። አላልኩም። ይኸው ተጽፏል።

በዚሁ በመብራትና በባትሪ ጣጣ ለሦስተኛ ጊዜ የመጡት ቅዳሜ ነበር። ጋራዡ በገበያተኛ ሞልቷል። ጋሼ ሞተሯን አቁመው፣ መቀመጫውን ራሳቸው አንስተው፣ ባትሪውን ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ውስጡ ይንተከተካል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ቤቱን ሞላው። ቀጥለው ከኪሳቸው የመድኃኒት ብልቃጥ አወጡና ውስጡ ያለውን ዘረገፉት። አምስት የተቃጠሉ የፊት አምፖሎች።

«ቻርጅ አታደርግም ነው ያልከኝ?»

«አዎ ጋሼ፣ ማለቴ ያን ጊዜ...»

«ያልሞላ ባትሪ ይፈላል እንዴ?»

ዝም አልኩ። መልስ ያለኝ ለማስመሰል አንዱን አምፖል አነሳሁ። መስታወቱ ውስጡ ጠቁሯል። መንገድ የበጠሰው አምፖል ክሩ ይቆረጣል እንጂ መስታወቱ ንጹሕ ነው። የሚጠቁረው ከአቅሙ በላይ የነደደው ነው። ይህን ከተለማማጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አምስቱም ጥቁር ነበሩ።

«አንተ ልጅ፣» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ «አንድ ገበሬ ሆዷ የተነፋ ላም ይዞልኝ ቢመጣ፣ እኔም ወድቃ አይቻት ርቧታል፣ ሣር ጨምርላት ብለው ምን ትለኛለህ?»

ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ባለ በግ ገበሬ «ይገድሏታል!» አለ። ማንም አልጠየቀውም።

«እህ!» አሉ ጋሼ ወደሱ ዞረው። «ይሄ ልጅ ሣር ጨመረላት። ማርቆስ ድረስ ልኮ አስጨመረላት።»

ያቃጠለኝ መሳቃቸው አይደለም። ትክክል መሆናቸው ነው። ሰውየው ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቁት የለም። ግን መብራቷ እምቢ አለ ብለው በመጡ ቀን አምፖል ትበላለች ብለው ምልክቱን በእጄ ሰጥተውኝ ነበር። እኔ ግን ስለ ጠጠር መንገድ አስተማርኳቸው። መጀመሪያ የሞተውን ባትሪም ቢሆን ያደረቀው ዕድሜ ሳይሆን የበዛው ኤሌክትሪክ ነው።

ጋራዡ ውስጥ የሚረዳኝን ልጅ ልኬ የቴስተሩን የ9 ቮልት ባትሪ አስገዛሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ያለባትን ባትሪ አውጥቼ የተሞላ ደህና ባትሪ አሰርኩ፤ ሞተሯ ሳትነሳ 12.7 ቮልት። አስነሳኋት፤ በዝግታ 13.9። እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ጤነኛ ናት ብዬ እመልሳት ነበር። ጋዝ ስጨምር 15፣ 16፣ 17 ብሎ ሊያልፍ ሲል አጠፋኋት። ጤነኛ ብትሆን ከ14 ተኩል እምብዛም አታልፍም ነበር።

ከዲናሞው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ከልክ እንዳያልፍ የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ነው አልኩ። የሌላ ዲቲ አምጥቼ ሰካሁ፤ ያው 17። ያ ቀን የማያልቅ መሰለኝ። ገበያተኛው አልተነሳም፤ በጉን የሚሸጠው ሰውዬ እንኳ ገበያውን ትቶ ተቀምጧል።

የዚህችኛዋ ሬጉሌተር የራሱ የማሳ ሽቦ የለውም። ገላው ራሱ ነው ማሳው። ሥራው ትርፉን በገላው አሳልፎ ሻሲው ላይ መድፋት ነው። ገላው ሻሲውን ካልነካ የሚደፋበት ስለሌለው ሁሉም ወደ ባትሪና ወደ አምፖል ይሄዳል። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ሬጉሌተሩ ገላ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አደረግኩ። ምንም አይገናኙም። ፈታሁት። ከሥሩ የሚያብረቀርቅ ቀይ ቀለም አለ። አንድ እጅ አንቲረስት፣ ሁለት እጅ ቀይ። የብሎኖቹ ቀዳዳ ሳይቀር በቀለም ተለቁልቋል።

የቀባው ማን እንደሆነ ጋሼ አልጠየቁም። አይተውኛል።

በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪነጣ ፈገፈግኩ። ለማንኛውም ብዬ አንድ ሽቦ ከሬጉሌተሩ ገላ ቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ጎትቼ፣ በናስትሮ አስሬ ጨረስኩ። አስነሳኋት፤ ጋዝ ስጨምር 14.3 ላይ ቆመ። ዙር የተጨመረበት ጥምጥም ሳይቀር አደብ ገዛ። ወዲያው ባትሪውን በራሴ ወጪ ቀየርኩ።

ከዚያ ወዲህ ቴስተሬ ባትሪ አጥቶ አያውቅም። ሰው ስለ አምፖል ሲያወራኝም እሰማለሁ። የሙከራ አምፖሏንም አልጣልኳትም፤ ፈጣን ስለሆነች አብዛኛውን ሥራ አሁንም በእሷ ነው የምሠራው። አምስቱ ጥቁር አምፖሎችም ጠረጴዛዬ ላይ አሉ፤ ይጣሉ ብል ጋሼ ሲመጡ ይቆጥሯቸዋል።

ያን ቀን ሊሄዱ ሲሉ ኪሳቸውን ዳሰሱ።

«ስንት ልክፈል?»

«ምንም ጋሼ። ኧረ ምንም።»

ሞተሯን ዞረው አዩዋት። ሻሲውን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉ።

«ቀለሙ ግን ጥሩ ይዟል» አሉ። «በዋዛ አይለቅም።»

ረዳቴ ልጅ ሳቁን ለመደበቅ ኮምፕሬሰሩን አስነሳ።