የአባቴ ጠመንጃ ለምን ይነክስ እንደነበር

አባቴ ሲያርፍ ለኔ የደረሰኝ ጠመንጃው ነው። ኤስ ኬ ኤስ ነው፣ ትልልቆቹ ሲሞኖቭ የሚሉት፣ ባለ አስር ጎራሽ። ያለ ፈቃድ መያዝ በአዋጅ 1177/2012 ስለሚያስጠይቅ መጀመሪያ ያደረግኩት ፈቃዱን በስሜ ማዞር ነበር። ከዚያ ግን አንድ ዓመት ሙሉ እየነከሰ፣ ማለትም ስተኩስ መሃል ላይ እየቆመ፣ አሰቃየኝ።

ከደሴ ወጣ ብሎ ሚሊሻዎች የሚለማመዱበት ገደል ስር ነው መጀመሪያ የተኮስኩበት። ማለዳ ነው፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ገና አልተነሳም። አንደኛው ጥይት ወጣ። ሁለተኛው ላይ ቃታውን ስስብ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። ሳየው ጥይት የሚቀመጥበት ጉድጓድ ባዶ ነው፤ ጥይቶቹ ካዝናው ውስጥ እንዳሉ ናቸው፣ አንዱም አልገባም። ደግሜ አቀባብዬ ሞከርኩ። አሁን ደግሞ የተተኮሰው ቀለሃ መውጫው ላይ ቆሞ ተነከሰ።

እኔ ወዲያው የካዝናው ሞላ ደክሟል አልኩ። ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚለው እሱን ነው። ስንት ቦታ አፈላልጌ ሌላ ሞላ አስገባሁ፣ ለውጥ የለም። ጥይቱ አርጅቷል ብዬ ሌላ ጥይት ሞከርኩ፣ እሱም ያው። ገንዘቤም ጊዜዬም እዚህ ላይ አለቀ።

ከዚያ አንድ ቀን ኮምቦልቻ ከሚሊሻ ጓደኞቼ ጋር ልምምድ ሄድኩ። ቀትር ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ አስሩም ጥይት ያለ እንከን ወጣ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። በሳምንቱ ደሴ ላይ በማለዳ ስሞክረው ሦስተኛው ላይ ነከሰ። በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ሲሠራ፣ ሐረጎን ወጥቼ ሲነክስ ምን እንደሆነ ግራ ገባኝና ጡረታ የወጡ ወታደር አጎቴን ይዣቸው ሄድኩ።

እሳቸው ካዝናውን አላዩም። «ቀለሃው የት ወደቀ?» ነው ያሉኝ።

እኔ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። ዞር ብዬ ስፈልግ እግሬ ስር ነው የወደቀው። ደህና ኤስ ኬ ኤስ ቀለሃውን ብዙ ሜትር አሽቀንጥሮ ነው የሚጥለው። እግር ስር ከወደቀ መዝጊያው፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ቀለሃ የሚያወጣው ሲመለስ ጥይት የሚያስገባው ብረት፣ እስከ መጨረሻ ወደ ኋላ አልሄደም ማለት ነው። ካልሄደ ደግሞ ቀጣዩን ጥይት አልፎት ስለማይመለስ ሊገፋው አይችልም። አፈሙዙን ወደ ገደሉ አዙረን በእጅ ስናቀባብል አስሩም ተራ በተራ ይገባል። ስለዚህ ካዝናው ጤነኛ ነው፣ የጎደለው ጉልበት ነው። ጥይቱ በግማሽ ገብቶ አፉ ጠርዝ ላይ ቢቆም ኖሮ ካዝናውን እንጠረጥር ነበር፤ ገብቶ መዝጊያው አልዘጋ ቢል ደግሞ ጥይቱ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ።

ቤት ገባን። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለታችንም በጣት ነክተን አረጋገጥን። ማነጣጠሪያው አጠገብ ያለውን ማንሻ አዙረው የጋዝ ቱቦውን አወጡት። ውስጡ ያለው ፒስተን ነው በባሩዱ ጋዝ ተገፍቶ መዝጊያውን ወደ ኋላ የሚልከው፤ ቱቦው ሲዘቀዘቅ በራሱ ክብደት ሸርተት ማለት አለበት። የኛው ንቅንቅ አላለም። አባቴ እንዳይዝግ ብሎ የቀባው ግሪስ ከባሩዱ ጥላሸት ጋር ተላቁጦ እንደረጋ ቅቤ ይዞታል። ኮምቦልቻ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ደሴ ብርድ ላይ ይረጋል። አለቀ፣ ነገሩ ይኸው ነበር።

በላምባ አጥበን፣ ፍቀን፣ አደረቅነው። ቱቦው ውስጥ ዘይት አይቀባም፣ ተመልሶ ጥላሸት ይሰበስባል። አሮጌ ጥይት የሚተኩስ ሰው ደግሞ አፈሙዙንም ቱቦውንም በፈላ ውሃ ያጥባቸው፤ የነዚያ ጥይቶች ጨው ብረት ይበላል፣ ዘይት ብቻውን አያነሳውም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። አጎቴ መዝጊያውን ነቅለው ጆሯቸው አጠገብ አወዛወዙት። ዝም። ፊታቸው ተቀየረ። ጥይቱን ከኋላ የምትመታው መርፌ ውስጥ ለውስጥ እንደልቧ መመላለስ አለባት፤ ስታወዛውዘው ትሰማለህ። በግሪስ ወደ ፊት ተጣብቃ ከቀረች መዝጊያው ሲዘጋ ቃታ ሳትነካ ጥይቱ ይተኮሳል፣ እሱም በአንድ ጥይት ላያቆም ይችላል። እኔ ዓመት ሙሉ ይህን መሣሪያ አጠገቤ ሰው ቆሞ ሳቀባብል ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ። «አብሽር፣ ደርሰንበታል» አሉኝ። ላምባ ውስጥ አሳደርነው። ጠዋት ሳወዛውዘው ቅጭል ቅጭል አለ። አሁን ይህን ድምፅ ሳልሰማ መሣሪያውን አልገጥመውም። ኤስ ኬ ኤስ ያላችሁ ሁሉ ከምንም በፊት ይህን እዩ፣ እባካችሁ።

በሳምንቱ ማለዳ እዚያው ገደል ስር ተመለስን። ብርዱ እንዳለ ነው። በመጀመሪያ ሁለት ብቻ አጎረስኩ፣ ቀጥሎ አስር። አስረኛው ሲወጣ መዝጊያው ክፍት ሆኖ ቆመ፣ ካዝናው ሲያልቅ እንደሚገባው። ቀለሃዎቹን ልለቅም ስሄድ የመጀመሪያውን ያገኘሁት ስምንት እርምጃ ቆጥሬ ነው።