ስለቴን ተቀበሉኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ደብረ ማርቆስ የምኖር የ5000 ሜትር ሯጭ ነኝ። ስኳር አለብኝ። ቆሽቴ ኢንሱሊን አያመነጭም፤ በየቀኑ እወጋለሁ።

ሲጀምረኝ ውሃ ጥም ነበር። ከዚያ ከሳሁ። ሰው ሁሉ «ልምምዱ ነው» ይለኝ ነበር። ሐኪሙ «ዕድሜ ልክ መርፌ» ሲለኝ እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። እውነቱን ልናገር፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተውኩ። «እግር ከሰጠኸኝ በኋላ ምነው?» እለው ነበር።

ያቺ ሌሊት መጣች። ከሰዓት ከባድ ልምምድ ሠርተን ነበር። ከባድ ልምምድ ስኳርን የሚያወርደው ሜዳ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከሰዓታት በኋላ፣ በእንቅልፍ ላይም ያወርደዋል። ስነቃ አንሶላው በላብ ርሷል። ልቤ ይደልቃል። አብራኝ የምትኖረውን ልጅ ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ ስሟ ጠፋኝ። አብረን የምንበላ፣ አብረን የምንሮጥ ልጅ ስም! እጄ ግድግዳውን ሲመታ ነቃች። መብራት የለም። በስልኳ ብርሃን ፊቴን አይታ «እመቤቴ ድረሺ!» ብላ ጮኸች።

አከራያችን እማማ በባዶ እግራቸው ሮጠው መጡ። ባላቸው ስኳር ስለነበረባቸው ገና ሲያዩኝ ገባቸው። ማር በውሃ በጠበጡ። «ዋጪ ልጄ፣ ዋጪ» ይሉኛል። ግማሹ አንገቴ ላይ ይፈሳል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዳዊቱን ግን አላቋረጡም። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሁሉን በሚችል አምላክ ጥላ ውስጥ ያድራል።» ምላሴ ታስሯል። በልቤ «ጌታዬ፣ ቂሜን አትቁጠርብኝ። ካቆምከኝና ከሮጥኩ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» አልኩት።

እማማን ዕድሜ ይስጥልኝ። ያ የባጃጅ ልጅም ይባረክ፤ በእኩለ ሌሊት ሆስፒታል አድርሶን ሂሳብ አልቀበልም አለ። የደም ስኳር ከ70 በታች ሲሆን ወረደ ይባላል፤ የእኔ ከማሩም በኋላ 48 ነበር። ነርሷ በደም ስሬ ግሉኮስ ሰጠችኝ። ብዙም ሳይቆይ የጓደኛዬ ስም መጣልኝ። ጠራኋት። አለቀሰች።

የንስሐ አባቴ «ጸበሉንም ጠጪ፣ መርፌሽንም ተወጊ፤ ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው» አሉኝ። በጾምም ቁርስ ፈቀዱልኝ። አሰልጣኜ ደግሞ የአሜሪካዊውን ዋናተኛ የጋሪ ሆል ጁኒየርን ታሪክ ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 ይኸው ሕመም ተገኘበት፤ በ2000 ሲድኒ ኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። ያን ሰምቼ ነው እንደገና መጸለይ የቻልኩት።

አንድ ነገር ቀረ። ኢንሱሊን በስፖርት ከተከለከሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ የታመመ ሰው የሐኪም ማስረጃ አቅርቦ ፈቃድ ማግኘት አለበት። አመለከትኩ። ክረምቱ አለፈ፣ መስቀል አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ፈቃዱ መጣ።

ስኳሩ አለቀቀኝም። ማቀዝቀዣ ስለሌለን ኢንሱሊኔ እርጥብ አሸዋ ባለበት ገንቦ ውስጥ ይቀመጣል። ከመሮጤ በፊት ጣቴን ወግቼ እለካለሁ፣ ኪሴ ከረሜላ አያጣም። ከፈቃዱ በኋላ በመጀመሪያው ውድድሬ፣ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል «ይሮጣሉ፥ አይታክቱም» የሚለው ቃል ከየት መጣ ሳልል በአፌ ገባ። ሦስተኛ ወጣሁ። እማማ ከሜዳው ዳር እልል አሉ።

እመሰክራለሁ ያልኩት ይኼንን ነው። ስለቴን ተቀበሉኝ።