እዚህ ሲጨልም አዲስ አበባ ነግቶ ነበር

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ዛሬም የባሕር ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይረበሻል።

በባለቤቴ የውትድርና ሥራ ምክንያት ከቨርጂኒያ ተነስተን ሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ገባን። የ2015 ዓ.ም. ነሐሴን ቤት ውለን አናውቅም። ኮኮ ሄድ ላይ በድሮው ሐዲድ የተሠራውን ከ1,000 በላይ ደረጃ ልጆቹ እየቆጠሩ ወጡት። ላኒካይ ደግሞ ሌሊት ተነስተን፣ ግንባራችን ላይ መብራት አስረን ተራራው ላይ ወጣንና ፀሐይ ከባሕር ውስጥ ብቅ ስትል አየን። የ11 ዓመቱ ልጄ ያን መብራት ከቦርሳው አላወጣውም። "አውጣና ቦታው መልሰው" እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ጮኼበታለሁ።

እኔ ግን በውስጤ ደህና አልነበርኩም። አባቴ ታሞ 8 ወር ለመንኩ። ተሳልኩ፣ አለቀስኩ። ጥር ላይ ዐረፈ። አፈር እንኳን ሳላለብሰው ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳረፍኩ። አልደብቅም፤ "ካልሰማኸኝ እኔም አልጠራህም" ብዬዋለሁ። ፍልሰታን የጾምኩት እማዬ በስልክ ስትጠይቀኝ እንዳልዋሻት ብቻ ነበር።

ነሐሴ 12 ዓርብ ዋለ። ሃዋይ የአሜሪካ ግዛት የሆነችበት ቀን መታሰቢያ ስለሆነ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። በደሴቱ ምዕራብ ወዳለው ፖካኢ የባሕር ዳርቻ ሄድን። ከ10 ቀን በፊት ጎረቤታችን ማዊ ደሴት ላይ ላሃይና ከተማ ተቃጥላ ነበር። ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። ያን እሳት ያጋመው ነፋስ ነው። ሰዉ ሁሉ ሐዘን ላይ ነበር። ነፋስን መፍራት ነበረብን።

ባለቤቴና ልጄ ተውሰን ባመጣናት በአየር የምትነፋ ጀልባ ኤሊ ለማየት ወጡ። ከቀኑ 11 ሰዓት ይሆናል። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ አስቆማቸውና ተንሳፋፊ ሰደርያ ሳይለብሱ እንዳይገቡ ተቆጣቸው። ከመኪናው ሁለት አውጥቶ ሰጣቸው። ስሙን አልጠየቅነውም። አባቴ፣ የትም ይሁኑ፣ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን!

እዚያ በኩል ነፋሱ ከተራራው ወርዶ ወደ ባሕር ነው የሚነፍሰው። ከዳር ሆነህ ስታየው ውኃው የተኛ ይመስላል። ርቀህ ስትወጣ ግን ነፋሱ ከኋላ ይገፋሃል፤ ልመለስ ስትል ፊትህን ይመታሃል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት ቢጫዋ ጀልባ እያነሰች፣ እያነሰች ስትሄድ ነው። እጄን አወዛወዝኩ። እነሱም የሚያወዛውዙልኝ መሰለኝ። ለካ እርዳታ እየጠሩ ነበር።

ፀሐይ 1 ሰዓት ላይ ጠለቀች። ጀልባዋ አልታየችም።

911 ደወልኩ። የሕይወት አድን ሠራተኞች መጡ፤ የእሳት አደጋ ሄሊኮፕተር፣ ቀጥሎም የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች። ከጠባቂዎቹ አንዱ፣ ወጣት ነው፣ "ልጅሽ ምን ዓይነት ቀለም ልብስ ለብሷል?" ብሎ ጠየቀኝ። አላስታወስኩም። እናት ሆኜ አላስታወስኩም! የ6 ዓመቷ ልጄ ናት "ሰማያዊ" ያለችው። ውኃው ሰማያዊ፣ ልብሱ ሰማያዊ። ጨረቃዋ ከተወለደች ገና ሦስት ቀን ሊሆናት ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ ታይታ ጠለቀች። ጨለማው እንደ ጋቢ ወረደብን።

ልጸልይ አልኩ። አፌ እምቢ አለኝ። "በፏፏቴህ ድምፅ ቀላይ ቀላይን ትጠራለች" የሚለው ብቻ ይመላለስብኛል፤ "ማዕበልህና ሞገድህ ሁሉ በላዬ አለፈ።" ይህም ጸሎት መሆኑን አላወቅሁም።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። አዲስ አበባ በ13 ሰዓት ትቀድመናለች። እኛ ዘንድ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ ነሐሴ 13፣ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ደብረ ታቦር። ቡሄ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ስልኳ ዝግ ነው። ወንድሜ ሮጠ። ስልኩን ሳይዘጋ ሮጠ፤ ትንፋሹ ይሰማኛል፣ መንገድ ላይ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ድምፅ ይሰማኛል። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ገና አልተበተነም።

እማዬ አልጮኸችም። የት፣ እንዴት ብላ አልጠየቀችኝም። "አንቺ ዝም በይ። እኛ አለን" አለችኝ። ከዚያ ለቄሱ የክርስትና ስማቸውን ስትነግራቸው ሰማሁ። "ወልደ ሚካኤል። ኃይለ ጊዮርጊስ።" ትንሽ ጸጥታ ሆነ። ቀጥሎ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ድምፅ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ማለት ጀመረ።

ስልኩን አሸዋው ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ተንበረከክሁ። 7 ወር ያልተነበረከከ ጉልበቴ! አንዲት የአገሩ ተወላጅ እናት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እዚያ ልጆች ትልቅ ሴትን ሁሉ "አንቲ" ነው የሚሉት፣ እንደኛ እትዬ። ቋንቋውን ሳያውቁት እጄን ይዘው አብረውኝ አለቀሱ። በኋላ "ብዪ" አሉኝ። ጾም መሆኑን ስነግራቸው ሄደው ፖይ ይዘው መጡ፤ ከጎደሬ የሚሠራ ገንፎ ነው። በእጃቸው አጎረሱኝ። አንቲ፣ ያቺን ጉርሻ አልረሳትም።

6 ሰዓት ሆነ። 8 ሆነ። ሄሊኮፕተሩ ነዳጅ ሊቀዳ ሄዶ ተመለሰ። ልጄ ጭኔ ላይ ተኝታለች። "ቅዱስ ሚካኤል፣ ዛሬ ቀንህ ነበር" አልኩት። "መልስልኝና ጥላ ይዤ እመጣለሁ።"

ሌሊት 10 ሰዓት ከ40 ላይ ያ ወጣት ሮጦ መጣ። ፊቱን አይቼ አወቅሁ። "ሁለቱም" አለኝ። "ሁለቱም ደህና ናቸው።"

11 ማይል ገብተው ነው የተገኙት። መቅዘፊያው ገና ሲመሽ ተሰብሮ ነበር። ባለቤቴ የልጁን ሰደርያ ከራሱ ጋር በገመድ አስሮ "አባታችን ሆይ" እያስባለው ነው ያደረው። ሄሊኮፕተሩ ሁለቴ ከላያቸው አልፎ አላያቸውም። ከዚያ ልጄ ቦርሳውን አሰበ። ያን መብራት። ያን አውጣ ያልኩትን መብራት! "እማ፣ ቡሄ አይደል፣ እንደ ችቦ አወዛወዝኩት" አለኝ። ታቦርና አርሞንኤም በስምህ ደስ ይላቸዋል። ጌታዬ፣ ምን ልበልህ!

ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ፈቃድ ስንጠብቅ አለፈ።

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባን። ጥላውን የያዘው ልጄ ነው፤ ከቁመቱ ይረዝማል። እማዬ እልል እያለች ከኋላ ትከተላለች። ጥላውን ካስረከብን በኋላ ልጄን እጁን ይዤ ወደ መቃብሩ ወሰድኩት። አባቴ እዚያው ግቢ ነው ያረፈው። ጧፍ አበራን። ነፋስ ነበረ፤ ልጄ በሁለት እጁ ከለለልኝ።