ገመዱ የቆሰለበት ቦታ

«ይሄ ነጭ ነገር ምንድነው?»

ጥያቄው የመጣው ከ12 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሠልጣኟ የተራራ መውጣት መለማመጃ ግድግዳውን ጨርሳ ጫፍ ደርሳለች። ገመዷን ከታች የያዝኩት እኔ ነኝ። ድምጿ ላይ ምንም ፍርሃት የለም፤ ሰዓት የምትጠይቅ ነው የሚመስለው። እኔ ግን በላብ ተጠመቅኩ። ገመዱ ሰማያዊ ነው። ነጩ ያለው ከውስጥ ነው።

የመውጫ ገመድ ሁለት ነገር ነው። ውስጡ ሸክሙን የሚችል የናይለን ክር ጥቅል አለ። ከላዩ ደግሞ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሽፋን አለ። ሽፋኑ ተበልቶ ውስጡ ከታየ ያ ገመድ ሥራው አበቃ። ወዲያው ይበጠሳል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ጉልበት ያለው ውስጡ ላይ ነው። ግን ሰው አንጠልጥሎ ይዞ ይሄን ማሰላሰል አይሆንም። «መያዣዎቹን አጥብቀሽ ያዢ፣ ገመዱ ላይ እንዳትቀመጪ» አልኳት። ባልደረባዬ በጎን ባለው መስመር ወጣና ሌላ ገመድ አሰረላት። በዚያኛው አወረድናት። ቢበዛ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ለኔ ግን ግማሽ ቀን ነበር።

ያን ገመድ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ያውም በሁለተኛ ሙከራዬ።

የመጀመሪያው ሙከራ የዕቃ ኃላፊ ሆኜ እንደጀመርኩ ነው። ለሁሉም መስመሮች አዲስ ገመድ ምረጥ ተባልኩ። የገመዶቹን መግለጫ ደርድሬ አንድ ቁጥር ብቻ ፈለግኩ፤ ስንት ውድቀት ይችላል የሚለውን። 9.2 ሚሊ ሜትር የሆነው ቀጭኑ ገመድ 8 ይላል። ወፍራሙ 7 ይላል። ቀጭኑን መረጥኩ። በቃ፣ ሒሳቡ ይሄው ነበር።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ኢኤን 892 በሚባለው የአውሮፓ መለኪያ፣ ነጠላ ገመድ ላይ 80 ኪሎ ታስሮ ይለቀቃል። ገመዱ ሳይበጠስ ቢያንስ 5 ጊዜ መቻል አለበት። በመጀመሪያው ውድቀት የሚፈጠረው ምት ደግሞ ከ12 ኪሎ ኒውተን መብለጥ የለበትም። ፈተናው ጨካኝ ነው፤ ክብደቱ የሚወድቀው ከገመዱ ርዝመት 1.7 እጥፍ ያህል ነው። እኛ ጋ ታዲያ አብዛኛው ሰው የሚወጣው ገመዱ ከላይ ታልፎለት ነው። እጁ ቢያመልጠው የሚወርደው ትንሽ ነው። የኛ ገመድ ጠላት ውድቀት ሳይሆን ፍትጊያ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲወጣ፣ ሰው ሲወርድ ይውላል። ስለ ፍትጊያ ያ ቁጥር አንዲት ቃል አይናገርም። ቀጭኑ ገመድ በሦስት ወሩ ፀጉር አበቀለ። ሽፋኑም እንደ ሰፋ ካልሲ ውስጡ ላይ መንሸራተት ጀመረ።

ሁለተኛው ላይ እልህ ያዘኝ። የንብረት ክፍሉ ሰው «ያን የማይለጠጠውን ለምን አትወስድም? እሱ ነው ጠንካራው» አለኝ። ስታቲክ የሚሉትን ማለቱ ነው፤ ዋሻ የሚወርዱ እና ከፍታ ላይ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበትን። በፍትጊያ በኩል አልተሳሳተም። ግን አንዳንድ ሠልጣኞቻችን ገመዱን ከታች እየጎተቱ ነው የሚወጡት። እነሱ ሲወድቁ ሜትሮች ነው የሚወድቁት። ዳይናሚክ ገመድ እየተለጠጠ ምቱን ይውጠዋል። ስታቲኩ ለወገብ ያስረክበዋል። ሁለቱ አንድ መጋዘን ውስጥ ቢቀላቀሉስ? እምቢ አልኩ። አሁንም ቢሆን እምቢ እላለሁ።

በመጨረሻ 10.2 ሚሊ ሜትር ዳይናሚክ ወሰድን። በዚህኛው ዙር ያየሁት ሽፋኑን ነው። ከክብደቱ 40 በመቶ በላይ ሽፋን የሆነ፣ ጉንጉኑ የጠበቀ፣ በጣት ሲቆነጥጡት የማይላላ። ከባድ ነው፤ ሩቅ ተራራ ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው አልመክረውም። ለግድግዳ ግን ልክ ነው። ኮራሁ። ሁለት ወር ኮራሁ። ከዚያ «ይሄ ነጭ ነገር ምንድነው?»

የዚያኑ ዕለት ለሻጩ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። ሦስት አንቀጽ ሞልቻለሁ፣ ቁጣው ራሱ ሁለት አንቀጽ ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንለው አንጋፋው አሠልጣኝ ከኋላዬ ቆሞ አነበበው።

«ሌሎቹ ገመዶችስ?» አለኝ።

ሌሎቹ አምስቱ ደህና ናቸው። ከአንድ ጥቅልል የተቆረጡ፣ እኩል የሚሠሩ፣ ትንሽ ሻካራ ከመሆን በቀር ምንም ያልሆኑ። የቆሰለው የአራተኛው መስመር ብቻ ነው። ከቋጠሮው አንድ ሜትር ተኩል ላይ። ከአንድ ወር በፊት ደግሞ ያንኑ ገመድ እኩል እንዲያልቅ ብዬ ጫፉን አገላብጬው ነበር። ጋሼ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ በጣቱ እየዳበሰ ለካ። አንድ ሜትር ተኩል። እዚያም ተጎድቷል።

«ገመድ ለክቶ አይታመምም» አለ። ቁስሉን ወደ መስኮቱ አስጠጋው። «ደግሞ እየው። ይሄ ያለቀ አይደለም። የተቆረጠ ነው።»

እውነቱን ነው። በፍትጊያ የሚያልቅ ክር እንደ ጥጥ ይነፋል። ይሄኛው በመቀስ እንደተቀነጠበ ነው። እኔ ነጩን አይቼ ስለደነገጥኩ ጠርዙን አላየሁትም።

ጋሼ ወጣና ጫፍ ላይ ያለውን ካራቢነር፣ ገመዱ የሚያልፍበትን የብረት ቀለበት፣ ፈትቶ አመጣልኝ። «ጣትህን አሳልፍበት፣ ቀስ ብለህ።» ገመዱ የሚያልፍበት ቦታ ተቦርቡሮ ቦይ ሠርቷል። የቦዩ አንዱ ጠርዝ እንደ ቢላ ስሏል። አራተኛው መስመር ጋ ምሰሶ ስላለ ገመድ የሚይዘው ሰው ሁልጊዜ በጎን ነው የሚቆመው። ገመዱም ወደዚያው ይጎትታል። አቧራ የጠጣ ገመድ ለብረት ብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው፤ ብረቱን ይሞርደዋል፣ የተሞረደው ብረት ደግሞ ተመልሶ ገመዱን ይቆርጣል። ሰው ጫፍ ደርሶ ሲቀመጥ ሙሉ ክብደቱ የሚያርፈው ቋጠሮው አጠገብ ያለው ገመድ ላይ ነው። ቁስሉ የነበረው እዚያው ነው።

ይባስ ብሎ ምልክቱ ነበር። ሠልጣኞቹ የአራተኛው ገመድ እጅ ያጠቁራል ይሉኝ ነበር። እኔም በለብ ያለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥቤ ጥላ ላይ አስጥቼዋለሁ። የአሉሚኒየም ብናኝ መሆኑ መች ገባኝ።

«የሌሎቹ ስቲል ነው» አለ ጋሼ። «ይሄን አሉሚኒየም ማን ሰቀለው?»

ዝም አልኩ። ከስድስት ወር በፊት አንድ ስቲል ካራቢነር ጎድሎ ነበር። ለጊዜው ይሁን ብዬ ከራሴ ቦርሳ አውጥቼ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። አሉሚኒየም ለአንድ ሰው መውጫ ቀላልና ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ለሚወርድበት ቋሚ ቦታ ግን አይሆንም። ይሄን አውቅ ነበር። ለጊዜው ነበር ያልኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ጋሼ ምንም አላለም። ካራቢነሩን ኪሴ ውስጥ ከተተልኝና ሄደ። ደብዳቤውን ቀደድኩት። ገመዱንም ማንም አንስቶ እንዳይታሰርበት አጫጭር አድርጌ ቆራረጥኩት። ስድስቱንም መስመሮች ወጥቼ እያንዳንዱን ብረት በጣቴ ዳበስኩ። ሁለተኛው ላይም አንድ የጀመረ ቦይ አገኘሁ።

ሠልጣኟ በሳምንቱ ተመለሰች። አትመጣም ብዬ ነበር። ከመታሰሯ በፊት የገመዱን ጫፍ አንስታ ሁለት ሜትር ያህል በጣቶቿ መሃል አሳለፈችው። ከዚያ ቀና ብላ ጫፉን አየች። ከዚያ እኔን።

«ስቲል ነው» አልኳት።

መታሰር ጀመረች።