ከዝመናው በኋላ አልከፈት ያለው ፕሮግራም

ለዓመታት የተጠቀምኩበት የመዝገበ ቃላት ፕሮግራም የኮምፒውተሬን ስርዓተ ክወና ባዘመንኩ ማግስት አልከፈት አለኝ። ምልክቱን ሁለት ጊዜ ስጫነው መስኮቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ የስህተት መልእክት እንኳ አያሳይም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የቢቱን ነገር፣ ማለትም ፕሮግራሙ መረጃን በአንድ ጊዜ በምን ያህል መጠን እንዲያስተናግድ እንደተሠራ ነበር፤ ምክንያቱም ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ቢያስኬድም ባለ 16 ቢት የሆኑትን አይቀበልም፤ የአፕል ኮምፒውተሮች ስርዓተ ክወና የሆነው ማክ ኦኤስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ካታሊና ከተባለው ስሪቱ ጀምሮ ባለ 32 ቢቶቹንም ትቷቸዋል። የእኔው ግን በዚህ በኩል ችግር አልነበረበትም።

የፋይሉን ባህሪያት ከፍቼ፣ ተኳኋኝነት በሚለው ሥር ፕሮግራሙ እንደ ድሮው እንዲሠራ የቀድሞውን የዊንዶውስ ስሪት ብመርጥም ለውጥ አላመጣም። በአስተዳዳሪ ፈቃድ ሳስነሳው ግን ወዲያው ተከፈተ። ለካ ፕሮግራሙ ቅንብሮቹን የሚጽፈው ራሱ በተጫነበት አቃፊ ውስጥ ኖሯል፤ አዲሱ ስርዓት ደግሞ ተራ ተጠቃሚ እዚያ እንዲጽፍ አይፈቅድም። አንድን አሮጌ ፕሮግራም ዘወትር በሙሉ ሥልጣን ማስኬድ ለደኅንነት አደገኛ ነው ብዬ በጽኑ ስለማምን፣ አቃፊውን እንዳለ ወደ ግል ሰነዶቼ ገልብጬ ከዚያ አስነሳሁት። አሁን ያለ ልዩ ፈቃድ ይሠራል፤ በዓመታት ያጠራቀምኳቸው ቃላትም አንድ ሳይጎድል ተገኝተዋል።