"አይጣልም" ለሚል አንድ ከቨር ሶስት ሳምንት

ለአንድ የቴክኖሎጂ መጽሔት የፊት ገጽ ስሰራ ሶስት ሳምንት ፈጀብኝ። ብዙ ሰው "አንድ ገጽ አይደል እንዴ፣ ምኑ ነው ሶስት ሳምንት የሚፈጀው?" ይለኛል፣ እኔ ደግሞ በቃል ሳስረዳ ሁሌ ግማሹን እረሳዋለሁና እስቲ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ የምሰራውም እዛው፣ ጠረጴዛዬ መስኮቱ ስር ነው፣ ማታ ማታ ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚገቡት ከባድ መኪናዎች ድምጽ ይሰማል። መብራት ሲሄድ የላፕቶፑ ባትሪ ሁለት ሰዓት ይይዝልኛል፣ ከዛ በኋላ በወረቀትና በእርሳስ ነው። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ከቨር ደህና የምላቸው ሀሳቦች የመጡት በእርሳሱ ሰዓት ነው።

የመጀመሪያው ሌይአውት (የገጹ አቀማመጥ) ግን በላፕቶፕ የተሰራ ነበር። ጥቁር ሰማያዊ ባክግራውንድ፣ የሚያበሩ መስመሮች፣ የሮቦት እጅ የሰው ጣት ሊነካ ሲል። አይታችሁታል፣ ቴክኖሎጂ የሚል ነገር ያለበት ሁሉ ላይ አለ። ስክሪን ላይ ቦግ ብሎ ያምራል፣ ማተሚያ ቤት ወስጄ ሳምፕል ሳወጣው ግን ሰማያዊው ሞቶ ወደ ወይንጠጅ ሄዷል። ይሄ የማተሚያ ቤቱ ጥፋት አይደለም፣ ስክሪን ቀለም የሚሰራው በብርሃን ነው፣ ቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ፣ ወረቀት ላይ ያለን ደግሞ አራት ቀለም ነው፣ ሳያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ደማቅ ሮዝ)፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ በነዚህ ያንን የሚያበራ ሰማያዊ ማውጣት አይቻልም። ሳያን 100 ፐርሰንት ማጀንታ 100 ፐርሰንት ካደረጋችሁት ወይንጠጅ ነው የሚወጣላችሁ፣ ሰማያዊ እንዲሆን ማጀንታውን ወደ 70 ገደማ ማውረድ አለባችሁ። አውርጄ አየሁት፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ግን ያኔ ነው ሌላው ነገር የታየኝ፣ ይሄ ሮቦት ከመጽሔቱ ጽሑፍ ጋር ምን አገናኘው? የዕትሙ ዋና ጽሑፍ ስለተበላሹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ነው፣ የት እንደሚሄዱ፣ ማን እንደሚጠግናቸው። ሮቦት የሚባል ነገር አንድም ቦታ የለበትም።

በዛው ሳምንት ስልኬ ከደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ሰፈራችን ውስጥ ከኮብልስቶኑ ዳር አንድ ልጅ ኮንቴነር ውስጥ ስልክ ይጠግናል፣ ወሰድኩለት፣ ሁለት ቦታ "አይሰራም" ተብዬ ስለነበር ተስፋ ቆርጬ "ንገረኝ በቃ፣ ልጣለው?" አልኩት። ቀና ሳይል "ኧረ እህቴ አይጣልም!" አለኝ።

ቤት እስክደርስ ጆሮዬ ላይ ነበረች። አይጣልም።

ዋና አዘጋጁ ጋ ሄድኩ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው ለከቨሩ የጻፉልኝ ርዕስ "የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጋገድ፦ ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች" የሚል ነው። "ጋሼ፣ ይሄ የስብሰባ ባነር ነው የሚመስለው፣ ሰው ታክሲ ሲጠብቅ ቆሞ የሚያነበው አይደለም" አልኳቸው። "እና አንቺ ምን ትያለሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ቁጥሩስ?" አሉ። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወጣ የሚለው ነው፣ ከዛ ውስጥ በአግባቡ መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩብ እንኳን አይሞላም። ከባድ ቁጥር ነው፣ ግን 62 ሚሊዮን ቶን ማንም ሰው አይቶት አያውቅም፣ የሞተ ስልክ ግን እያንዳንዱ ቤት መሳቢያ ውስጥ አለ። ከስር በትንሹ እንዲገባ ተስማማን።

አሁን ፊደሉ። እዚህ ላይ ነው አንድ ሙሉ ሳምንት የሄደው፣ እኔም ስለሱ ብዙ ማውራት እፈልጋለሁ። የአማርኛ ከቨር ሲሰራ ብዙ ጊዜ በላቲን የተሰራ ቴምፕሌት ይወሰድና ጽሑፉ ብቻ ይቀየራል። የላቲኑ ግን ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው፣ መጮህ ሲፈልግ ሁሉንም በትልቁ ይጽፋል። የኛ ፊደል ትልቅ ትንሽ የለውም። ያለን ውፍረት፣ መጠን፣ ቀለም እና ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ የሌላውን ሌይአውት ላዩ ላይ ስንጭንበት ፊደላችን የታፈነ ይመስላል፣ ከዛ "አማርኛ ለዲዛይን አይመችም" ይባላል። ይሄን ነገር በሰማሁ ቁጥር ያመኛል፣ አይደለም፣ ቦታ አልሰጠነውም እንጂ።

አይጣልም አምስት ፊደል ናት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት በጣም ወፍራሙን አድርጌ ጀመርኩ፣ ነጻ ነው፣ ከቀጭን እስከ ጥቁር ድረስ ውፍረቱ ይለያያል። ግን በዛ ውፍረት የ"ጣ" እግሮች ሊጣበቁ ደረሱ፣ የ"ም" ሁለት ክቦች ደግሞ ቀዳዳቸው ጠበበ። በቀለም ሲታተም ደግሞ ቀለም ትንሽ ይሰፋል፣ ጠባብ ቀዳዳ ይደፈናል። ስለዚህ ወደ አውትላይን፣ ማለትም እንደ ስዕል ወደሚስተካከል ቅርጽ፣ ቀይሬ በእጄ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው፣ የ"ጣ"ን እግር ለየት፣ የ"ም"ን ክብ ሰፋ፣ በ"ይ"ና በ"ጣ" መሃል ያለውን ክፍተት ጠበብ። የመጽሔቱ ስም ውስጥም "ቴ" አለች፣ ኃምስ የሚያደርጋት እግሯ ላይ ያለችው ቀለበት ናት፣ ዛሬ ደግሞ ከቨር መጀመሪያ የሚታየው ቴሌግራም ላይ በአውራ ጣት ጥፍር መጠን ነው፣ ያኔ ቀለበቷ ትደፈንና "ቲ" ትመስላለች። ስሙን ራሱ እንድነካው ጋሼን ማስፈቀድ ነበረብኝ፣ ፈቀዱ፣ ቀለበቷን አሰፋሁላት።

(ይሄን ሁሉ ስሰራ አንዱ ጸሐፊ ጽሑፉን ዩኒኮድ ባልሆነ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል ኮድ ባልተሰራ፣ የድሮ ፎንት ልኮልኝ ኢንዲዛይን የሚባለው የገጽ መስሪያ ፕሮግራም ላይ ሳስገባው ሁሉም የላቲን ምልክት ሆኖ ቀረ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እባካችሁ ወገኖቼ፣ በዩኒኮድ ጻፉ።)

ፎቶው ከጠበቅኩት በላይ ቀላል ሆነ። ለኤ4 ከቨር ዙሪያውን 3 ሚሊሜትር ለመቁረጫ ሲጨመር 216 በ303 ሚሊሜትር ነው፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2551 በ3579 ፒክስል ይሆናል፣ ያ ደግሞ ባለ 12 ሜጋፒክስል የስልክ ካሜራ የሚችለው ነገር ነው። የእህቴን ስልክ ይዤ ኮንቴነሩ ጋ ሄድኩ፣ የራሴ ስልክ ተፈታቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ልጁ የሚሰራበት ሰማያዊ የጎማ ምንጣፍ አለ፣ እሱን አንሳልኝ አልኩት፣ ከስሩ አሮጌ የእንጨት ጠረጴዛ ወጣ፣ መበየጃው ያቃጠላቸው ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች ሞልተውበታል። እዛ እንጨት ላይ የስልኬን ቦርድ፣ ቺፖቹ ያሉበትን ሰሌዳ፣ አስቀመጠልኝ፣ የጠዋት ጸሐይ በበሩ በኩል በጎን ይገባ ነበር። ስምንት ፎቶ አነሳሁ፣ አራተኛው ነው ከቨሩ።

የመጽሔቱን ስም በቀይ አደረግኩት፣ ማጀንታ 100 ቢጫ 100፣ ይሄ ቀይ ወረቀት ላይ አይሞትም። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፣ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ቀዩን ስመርጥ እሱን አስቤ ነው። አይጣልም በነጭ እንጨቱ ላይ፣ ቦርዱ ከጎኑ። ባርኮዱንም በቀይ ልሰራው ነበር፣ ማንበቢያው ራሱ በቀይ ብርሃን ስለሚያነብ ቀይ መስመር አይታየውም፣ ጥቁር በነጭ ሆኖ ቀረ።

ወደ ማተሚያ ከመላኬ በፊት ለልጁ ላሳየው ብዬ ወረድኩ። አንድ ሰከንድ እንኳን አላየውም፣ "እህቴ፣ ቦርዱ ተገልብጧል" አለኝ። ደነገጥኩ። ለርዕሱ ቦታ እንዲመቸኝ ብዬ ፎቶውን ግራና ቀኙን ገልብጬው ነበር፣ እንደ መስታወት። "ካሜራው በዚህ በኩል አይደለም፣ ቺፑ ላይ ያለውንም ጽሑፍ እዪው" አለኝ። አሰፋሁት፣ እውነትም ጽሑፉ ወደ ኋላ ነው። እኔም ጋሼም አራሚውም ስንት ጊዜ አይተነዋል፣ ማናችንም አልታየንም። ስለጠጋኞች የሚያወራ መጽሔት በተገለበጠ ቦርድ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ጠጋኞቹ ሁሉ በመጀመሪያው እይታ ያውቁት ነበር። ቤት ተመለስኩ፣ ፎቶውን መለስኩት፣ ርዕሱን ወደ ሌላው ጎን አዞርኩት፣ ያኔ ደግሞ የ"ም" ጭራ ለመቁረጫው 4 ሚሊሜትር ቀረው፣ የማተሚያ ቤቱ ወረቀት ቆራጭ "ወደ ውስጥ አስገቢው፣ ወረቀት ሲደራረብ ትንሽ ይንሸራተታል" ስላለኝ 10 አደረግኩት፣ ለዛ ደግሞ አምስቱንም ፊደል እንደገና አሳነስኩ። አንድ ቀን ተኩል።

ሲታተም አንድ ኮፒ ይዤለት ሄድኩ። ስልኬ ከሳምንት በፊት ተነስቷል፣ አሁን ይሄን የምጽፈው በሱ ነው። ልጁ መጽሔቱን ተቀብሎ ማይክሮስኮፑ ስር አስገባው፣ ቺፑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሊያነብ ፈልጎ ነው፣ ግን ጽሑፉ ጠፋና "እንዴ፣ ይሄ ሁሉ ነጠብጣብ ምንድነው?" አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ያ ቡናማ እንጨት በሙሉ ነጠብጣብ ነው። አራቱን ቀለሞች እያሳየሁት፣ እሱ ደግሞ ወረቀቱን እየገፋ ከእንጨቱ ወደ ቦርዱ፣ ከቦርዱ ወደ "ጣ" ጠርዝ እየሄደ፣ ሌላ ደንበኛ መጥቶ በሩ ላይ እስኪቆም ድረስ ስናይ ቆየን።